የኛካሎ ግራ ዓይን

በእኛ ቤት አንድ ታሪክ የሚነበበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ምዕራፉን አነባለሁ፣ መጽሐፉን እዘጋለሁ፣ ከዚያ ከልጆቹ አንዱ የሰማውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሱ አፍ ይመልስልኛል። ሲናገር ማንም አያቋርጠውም። ቢሳሳት አይታረምም፣ ቢረሳ አይታወስም፤ መጽሐፉ ውስጥ ያልነበረ ነገር መጨመርም ክልክል ነው። ሲጨርስ ተናጋሪው ራሱ ዙሪያውን አይቶ "የቀረ አለ?" ይላል። ያኔ ነው ሌላው እጁን አውጥቶ የተዘለለውን የሚሞላው። ፈተና የለም፣ ቀይ እስክሪብቶ የለም፣ ደረጃ የለም። በዚህ ሕግ አፌን ሞልቼ ስኮራ ኖሬያለሁ። ዛሬ ስለ እሱ የማወራው ግን አንገቴን ደፍቼ ነው።

ፊክስበርግ ትንሽ ከተማ ናት። የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬን ትቼ ልጆቼን ቤት አስተምራለሁ ስል ለከተማው ወሬ ተገኘለት። ልጅን ቤት ማስተማር የነጭ ገበሬዎች ነገር ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው። "ማካትሌሆ ነጭ ሆነችላችሁ!" አሉ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ እየሳቁ፣ እኔ እየሰማሁ። እኔም ሳቅኩ። ቤት ገብቼ ግን ቧንቧውን ከፍቼ ለብቻዬ አለቀስኩ፤ ሲያለቅሱ ላለመሰማት የሚረዳው የቧንቧ ድምፅ ብቻ ነው።

ከሁሉ የከበዱኝ አማቴ ናቸው። ከተማው "ሚስትረስ ሴፎራ" ይላቸዋል፣ ልጆቼ ደግሞ "ንኮኖ"፣ አያታችን ማለታቸው ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምረዋል። የፖስታ ቤቱን ሰውዬም፣ ፓስተሩንም፣ የገዛ ባሌን ሞሃውንም ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ማካትሌሆ የሚለውን ስም በሠርጌ ቀን ያወጡልኝም እሳቸው ነበሩ፤ ካትሌሆ ገና ሳይጸነስ የካትሌሆ እናት አሉኝ። እንዲህ አድርገው የጠበቁትን የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት ሳስወጣው እንደ ስድብ ነው የቆጠሩት።

"እኛ የጥቁር ልጅ ክፍል ውስጥ እንዲቀመጥ ብለን አስለቃሽ ጭስ በልተናል" አሉኝ። "አንቺ ከክፍል አውጥተሽ ሶፋ ላይ ታስተኚያቸዋለሽ።"

ሶፋ ላይ መተኛታቸው እንኳ እውነት ነው። ግን እንዴት ያለ ሶፋ! ጠዋት ገንፎ ተበልቶ እንዳበቃ ሁለቱም ከግራ ከቀኜ ይለጠፋሉ፣ እኔ አነባለሁ። የባሕር መጽሐፍ ስናነብ ቤቱ ሳምንቱን ሙሉ መርከብ ይሆናል፤ ማድ ቤት ለመግባት ፈቃድ ይጠየቃል። በአንዱ መጽሐፍ ፈረሱ ሲሞት ካትሌሆ፣ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ እንባውን እንዳናይበት ወጥቶ ጓሮ ተደበቀ። ማግስቱን ከእህቱ ጋር በፈረሱ ፋንታ አንድ ዱላ ከኮክ ዛፉ ሥር ቀበሩና እኔን መዝሙር አዘመሩኝ። ከልቤ ነው የዘመርኩት። ካለፈው ሕይወቴ አንድ ጠዋት መልሰሽ ውሰጂ ብባል ያንን ነው የምወስደው።

ሁልጊዜ እንዲያ አልነበረም። ገንፎ ያረረበት፣ ካትሌሆ የሒሳብ ደብተሩን ግድግዳ ላይ የወረወረበት፣ ጉሮሮዬ ተዘግቶ የገዛ ድምፄን የጠላሁበት ቀን ሞልቷል። "ምን አባቴ አግኝቶኝ ነው እዚህ ውስጥ የገባሁት?" የምልበት ቀንም ነበር። በእንዲህ ያለው ቀን የምታድነኝ ኛካሎ ነበረች።

ኛካሎ ሁለተኛዋ ናት። እንደ እሷ የሚሰማ ልጅ አይቼ አላውቅም። በአምስት ዓመቷ አንድ ሙሉ ምዕራፍ፣ ከነሰዎቹ ስም፣ ከነዝናቡ፣ አንዲት ቃል ሳትጥል ትመልሳለች። የቤተ ክርስቲያናችን የሐሙስ የሴቶች ማኅበር ላይ አንዴ ታሪክ ስትናገር እናቶቹ የማኅበሩን ቀይ ሸሚዝ ለብሰው ለመዝሙር እንደቆሙ መዝሙሩን ረስተው ቀሩ። "ይቺን ልጅ ማን አስተማራት?" ሲሉ ቀና ብዬ ፈገግ አልኩ። ያን ቀን ጫማዬ መሬት አልነካም።

በሰባት ዓመቷ ግን ራሷ አታነብም ነበር። መጽሐፍ ይዛ ትቀመጣለች፣ ገጽ ትገልጣለች፣ በቃሏ የያዘችውን ትለዋለች። ፊደል ላሳያት ስል ዓይኗን ታሽና "እማ፣ አንቺ አንብቢልኝ" ትላለች። ከእኛ ብዙም የማትርቀው ቤተልሔም ከተማ ያሉት እንደኔ ቤት የሚያስተምሩ እናቶች "አታጣድፊያት፣ ሲደርስ ይደርሳል" አሉኝ። ያቺን ቃል እንደ መድኃኒት ዋጥኳት። ከዚያ ወዲህ በጠየቀኝ ሰው ፊት ሁሉ ራሴ እላት ጀመር።

ስትሰማኝ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ትሸፍናለች። ደግሞ ከእኔ በስተግራ ለመቀመጥ ከወንድሟ ጋር ትደባደባለች፤ ከቀኜ ያስቀመጥኳት ቀን አንገቷን ጠምዝዛ ነው የምታየኝ። ትዝብቴን የምጽፍበት ደብተር አለኝ። እዚያ ላይ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ልንገራችሁ፤ "ኛካሎ በተመስጦ ትሰማለች፤ አንድ ዓይኗን ለውስጡ ዓለም ትዘጋለች።" በእጄ ነው የጻፍኩት። ከሥሩም አስምሬበታለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በኅዳር፣ የቼሪ ለቀማው በደራበት ሰሞን ንኮኖ መጡ። የማኅበር ሸሚዛቸውን ኮሌታ ሊሰፉ ተቀምጠው ኛካሎን ክር አስገቢልኝ አሏት። ልጅቷ ክሩን ከመርፌው ጎን ሰደደችው። ደግማ ሞከረች፣ ሦስተኛም፣ አሁንም ጎኑን። ንኮኖ ሸሚዙን አስቀመጡና መስኮቱ ጋ አቆሟት። ቀኝ ዓይኗን በእጃቸው ከለሉ።

"ስንት ጣት ነው?"

"ሦስት" አለች ኛካሎ ደፍራ።

አንድ ነበር።

ሂጂ ተጫወቺ አሏትና ወደኔ፣ ወደ ማድ ቤት መጡ። ኛካሎ ግን ደጅ አልወጣችም፤ ተከትላ መጥታ ጠረጴዛው ሥር ገብታ ከአሻንጉሊቷ ጋር ታወራ ነበር። ልጅ አይሰማም ያለው ማነው? ያቺን ልጅ እንድትሰማ አድርጌ ያሳደግኳት እኔው ነኝ።

"ማካትሌሆ፣ የልጅቷ ግራ ዓይን አያይም" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ያያል እንጂ ንኮኖ። አፍራ ነው።"

"ሠላሳ ስድስት ዓመት የልጅ ዓይን በዚህ እጄ ስከልል ኖሬያለሁ። ሐኪም ይያት። አሁን በልጅነቷ ከሆነ ይስተካከላል።"

እዚህ ላይ ምን እንደነካኝ አላውቅም። አውቃለሁ፣ ምን ያደርጋል መዋሸት። ሳምንት ባልሞላ ጊዜ በዘመድ ሠርግ ላይ "የሞሃው ልጆች እንደ ጫጩት ቤት ተዘግቶባቸዋል" ማለታቸውን ሰምቼ ሆዴ ቆስሎ ነበር።

"እርስዎ ጉድለት ካልፈለጉ እንቅልፍ አይወስድዎትም" አልኳቸው። "በረድፍ ያልተቀመጠ ልጅ ሁሉ ለእርስዎ በሽተኛ ነው!"

አማት እንዲህ አይባልም። ንኮኖ እጃቸው ላይ የቀረውን ክር ጣታቸው ላይ ይጠመጥሙ ጀመር። ያኔ ፈራሁ። የፈራሁት ስለ ዓይኗ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ስለ ሞሃው ነበር የፈራሁት። ቤት አስተምሪያቸው ብሎ ሲፈቅድልኝ "አንድ ነገር የጎደላቸው ቀን ዩኒፎርም እገዛለሁ" ብሎኝ ነበር፤ ሞሃው ደግሞ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው።

"ንኮኖ፣ ለሞሃው አይንገሩብኝ" ብዬ ለመንኳቸው። "እወስዳታለሁ። ራሴ እወስዳታለሁ።"

"ካልሽ አልነግረውም። ግን ውሰጃት።"

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወሉ። ሶፋው ላይ ነበርን፤ ጣቴን ገጹ ውስጥ ሰክቼ ልጆቹ ቀጥዪ እያሉ ይጎተጉቱኛል።

"ወሰድሻት?"

"ወሰድኳት። ደህና ነው አሉ።"

"ተመስገን!" አሉ። ደስታቸው በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ። በሚቀጥለው እሁድ ለኛካሎ በእጃቸው የሠሩትን ሹራብ ይዘውላት መጡ።

በሚቀጥለው ሳምንት ልወስዳት ነበር፤ እውነቴን ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ካትሌሆ ጉንፋን ያዘው፣ ከዚያ የባሕሩ መጽሐፍ መጨረሻው ደረሰ፣ ከዚያ ገና መጣ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ውሸቱ ራሱ መንገዱን ዘጋብኝ። ወስጃት ዓይኗ ታሞ ቢገኝ ያኔ 'ደህና ነው አሉ' ያልኩትን ምን ላደርገው ነው? አለመውሰድ እየቀለለኝ መጣ። እንዲህ እንዲህ ሲባል ሁለት ዓመት ሞላ።

ዘንድሮ በየካቲት ኛካሎ ኮክ ልታወርድ ወጥታ ቅርንጫፍ ቀኝ ዓይኗን ጫረው። ክሊኒክ ጠብታ አድርገው በፋሻ ሸፈኑላት፣ ለአንድ ቀን ብቻ ነው አሉን። ከወንበሩ ተነሥታ ቀጥ ብላ ሄዳ ከበሩ ጋር ተላተመች። ነርሷ ሳቀች፣ ኛካሎም ሳቀች። ደጅ ስንወጣ የቀትር ፀሐይ አናት ይበሳል።

"እማ፣ ጭጋግ ነው እንዴ?" አለችኝ።

እጇን ይዤ ቆምኩ። ልቤ ያወቀው ያን ጊዜ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ልቤ ግን ያወቀው በኅዳር፣ ከሁለት ዓመት በፊት ነው።

ዐርብ ትልቁ ከተማ ብሉምፎንቴይን፣ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሞሃው እርሻ ላይ የተበላሸ ትራክተር ሊጠግን ሄዶ ስለነበር ቤት አልነበረም። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ፈጠን ያለች። ዓይኗን በብርሃን አየችው፣ የመነጽር መስታወት ቀያየረችላት፣ ከዚያ ወደኔ ዞረች። ዓይኑ ራሱ ጤነኛ ነው አለችኝ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ መነጽር ይፈልግ ነበር፣ ስላላገኘ አእምሮዋ ተወውና በአንዱ ብቻ ማየት ለመደ። ሰባት ዓመት ሳይሞላት ወይም በዚያው ሰሞን ቢደረስበት መነጽርና ደህናውን ዓይን ሸፍኖ ማሠራት ብዙውን ይመልሰው ነበር። አሁን በዘጠኝ ዓመቷ እንሞክራለን፤ ጥቂት ይመለሳል፣ ሁሉም ግን አይሆንም።

"ትምህርት ቤት ሲገቡ ዓይናቸው ይታይ የለም እንዴ?" አለች።

"ቤት ነው የምትማረው።"

"እሺ። ታዲያ እስከ ዛሬ ማንም ነገር አላለዎትም?"

ኛካሎ ረጅሙ ወንበር ላይ እግሯን እያወዛወዘች ተቀምጣለች።

"ማንም" አልኩ።

እግሯ መወዛወዙን አቆመ።

ለሞሃው በስልክ መነጽር ያስፈልጋታል ብቻ አልኩት። ቅዳሜ አምሽቶ ገባ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ንኮኖ ለምሳ መጡ፤ ዶሮው፣ ሩዙ፣ ቀይ ሥሩ፣ ዱባው ጠረጴዛውን ሞላው። ሞሃው ገና ሁለት ጉርሻ ሳይጎርስ ሹካውን አስቀመጠ።

"ኛካሎ፣ እናትሽ በስልክ ቆንጽላ ነው የነገረችኝ። እስቲ አንቺ ንገሪኝ። ዶክተሯ ጋ የሆነውን ሁሉ፣ ከመጀመሪያው።"

በዚህ ቤት ከልጅቷ አፍ የበለጠ የሚታመን ነገር እንደሌለ ያውቃል። ላቋርጣት ፈለግኩ፤ ሕጉ ግን የኔው ነው።

ኛካሎ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጀመረች። መንገዱን ተናገረች፣ የመጠበቂያ ክፍሉን ዓሣዎች ተናገረች፣ አንዱ ዓሣ ጭራ እንደሌለው ሳይቀር። "ዶክተሯ 'አንዱ እንደማያይ ለምን ለእማማ አልነገርሽም?' አለችኝ። እኔም 'ሰው ሁሉ አንዱ ዓይኑ ለማየት፣ አንዱ ለማረፊያ ይመስለኝ ነበር' አልኩ። ከዚያ ስለ አእምሮ ነገረችን። ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ ቢሆን ይመለስ ነበር አለች። አሁን ጥቂት ይመለሳል፣ ሁሉም አይሆንም አለች። ከዚያ እማን 'እስከ ዛሬ ማንም ነገር አላለዎትም?' አለቻት። እማ 'ማንም' አለች።" ሳህኗን እያየች "ከዚያ ወጣን" አለች።

አልጨመረችም። ዐርብ የሆነውን ብቻ ነው የተናገረችው፣ እንዳስተማርኳት።

ሞሃው ወደ እናቱ ዞረ። ፊቱ ጠቁሯል።

"እማዬ፣ እርስዎስ? ሠላሳ ስድስት ዓመት! የከተማውን ልጅ ዓይን ሁሉ ያዩ ሰው የገዛ የልጅ ልጅዎትን ዓይን ሳያዩ ቀሩ?"

ንኮኖ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። ያን ቀን በስልክ ያልኳቸውን፣ ተመስገን ያሉበትን፣ ሁሉንም በዚያች እይታ ውስጥ አየሁት። ከዚያ ሳህናቸው ላይ አቀረቀሩ።

"አርጅቻለሁ ልጄ" አሉ። "የኔም ዓይን ደክሟል።"

"እርጅና ነው ብለው ዝም! ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ—"

"አባ" አለች ኛካሎ። "ገና አልጠየቅኩም እኮ።"

ወንበሯ ላይ ቀና ብላ ዙሪያውን አየች፤ አባቷን፣ ወንድሟን፣ አያቷን። እኔ ላይ ስትደርስ አንገቷን ጠምዝዛ በቀኝ ዓይኗ ያዘችኝ።

"የቀረ አለ?"

ልጅቷ የምትጠይቀው ሁልጊዜ እንደምትጠይቀው ነው፤ ክፋት የለባትም። መልሱን ግን ታውቃለች። ጠረጴዛው ሥር ነበረች። ዝም ብል ንኮኖም ዝም ይላሉ፣ ይህን ነገር ይዘውልኝ መቃብር ይወርዳሉ፤ ልጆቼም ሶፋዬ ላይ ይቀሩልኛል። ልጄም ከኔ የምትማረው እንዲህ ዝም ማለትን ይሆናል።

እጄን አወጣሁ። እንደ ልጆቹ።

"አለ" አልኩ።

ጀመርኩ። መርፌውን ነገርኳቸው፣ ሦስት ያለችውን ጣት ነገርኳቸው። ለአማቴ የተናገርኩትን ቃል አንዱንም ሳላለዝብ አልኩት። ስልኩ ላይ ስደርስ ሞሃው ወንበሩን ገፍቶ ብድግ አለ።

"ምን አልሽ? ደህና ነው አሉ ብለሽ—"

"አባ፣ አይቋረጥም" አለች ኛካሎ።

ቆሞ አያት። ከዚያ ተቀመጠ። እስከ መጨረሻው ተናገርኩ፤ ጉንፋኑን፣ ገናውን፣ አለመውሰድ እንዴት እየቀለለኝ እንደመጣ፣ ዐርብ ዕለት በገዛ ልጄ ፊት ማንም ማለቴን። ስጨርስ የቀረ አለ ብዬ አልጠየቅኩም።

ሞሃው ተነሥቶ እናቱ ጋ ሄደና ትከሻቸውን ያዘ። "ይቅር ይበሉኝ እማዬ" አለ። ወደኔ ሳይዞር "መነጽሩን ለማምጣት እኔ ነኝ የምወስዳት" አለና ወጣ። ስለ ዩኒፎርሙ ምንም አላለም። ሊል ይችላል፤ ቢልም አፍ የለኝም።

ሳህኖቹን ሳነሣ ካትሌሆ አላየኝም። ከምሳ በኋላ ሁልጊዜ እናነብ ነበር፤ ዛሬ ማን ያስበዋል ስል ኛካሎ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወጣችና ለአያቷ ሰጠች።

"ዛሬ አንቺ አንብቢልን ንኮኖ።"

ንኮኖ በዚህ ቤት አንብበው አያውቁም። መነጽራቸውን ከቦርሳቸው ፈለጉ፣ ሶፋው ዳር ተቀመጡ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ቃል በቃል እየረገጡ ጀመሩ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ካትሌሆ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ኛካሎ ከንኮኖ ግራ ሆነች፣ ደህናው ዓይኗ ወደ መጽሐፉ እንዲሆን። ከእሷ ወዲያ ያለው ቦታ ባዶ ነበር። እዚያ ተቀመጥኩ፤ ከግራዋ፣ ከማታየኝ በኩል። ይህን ሁሉ ዓመት ከእኔ በስተግራ ለመቀመጥ ለምን እንደምትደባደብ ያን ጊዜ ገባኝ።

ንኮኖ ገጽ ገለጡ። ኛካሎ አንገቷን አልጠመዘዘችም። እጇ ብቻ ሶፋውን እየዳሰሰ ወደኔ መጣ፤ ጉልበቴን አገኘ፣ ቀሚሴን አገኘ፣ ከዚያ እጄን አገኘና ያዘኝ።